ክሌማንስ የሣለቻት ሴት

ዦስያን ፌራን ልኳንዳዋን ዘግታ ሥዕል ልትማር ሄደች ቢባል ሻቶሩ ከተማ ውስጥ የሚያምን ሰው አይገኝም ነበር። አይፈረድባቸውም። ባሏን በቀበረች ማግስት ነጭ ሽርጧን አሸርጣ ቋሊማ ስትመዝን ያዩዋት ሰዎች ናቸው። አሁን በመስከረም፣ ያውም የአደን ሥጋ በሚገባበት ሰሞን፣ በሩ ላይ «ለአንድ ሳምንት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ሲያዩ አንዳንዱ ታማለች አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ በስተርጅና ወንድ አግኝታ ነው ብሎ ሳቀ። እሷ ለማንም ምንም አልተናገረችም። የሄደችው የሞተች ልጇ የሣለቻትን ሥዕል ፍለጋ ነበር።

ክሌማንስ አንድ ልጇ ነበረች። ቱር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራ ነበር፤ ሥዕል ደግሞ ትወዳለች። አምና የእናቷ ስድሳኛ ዓመት ልደት ሲደርስ ብዙ አሰበችና ክሩዝ ወንዝ አጠገብ ካለ አንድ የገጠር ሆቴል ለሁለት ሰው ቦታ ያዘች። ሳምንቱን ሙሉ መሣል፣ መብላት፣ መተኛት ብቻ ነው፤ ሌላ ሥራ የለም። እናቷን አንዴ እንኳ ቁጭ ብላ ልታያት ፈልጋ ነው። ዦስያን ግን እረፍት ሲሏት እንደ ስድብ ነው የምትሰማው። «እኔ ላም ስቆርጥ እንጂ ላም ስሥል አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ልጅቱ ለመነች፤ ስትለምን ስትለምን ሆድ ባሳት፤ በመጨረሻ «እንግዲያው ከላሞችሽ ጋር ኑሪ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለብቻዋም ሄደች።

ከዚያ ስትመለስ ደወለች። ንዴቷ በርዶ ነበር። «እማዬ፣ ሥዬሻለሁ» አለቻት። ዦስያን ምን አስመስለሽ አለቻት። ክሌማንስ ሳቅ አለችና «ከርሞ አብረን ስንሄድ ታይዋለሽ» አለች። ሱቁ ውስጥ ሰልፍ ነበር፣ ደንበኛ ቆሟል፣ ዦስያን እሺ በኋላ እደውልልሻለሁ ብላ ዘጋች። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ተደዋውለዋል፤ ስለ ሥዕሉ ግን አላነሱም። በየካቲት ክሌማንስ ከሌሊት ተረኝነት ስትመለስ መንገዱ በረዶ ይዞ ነበርና መኪናዋ ተንሸራቶ ከዛፍ ጋር ተላተመ።

ከቀብሩ በኋላ ዦስያንን ሌላ ነገር አልነበረም የሚበላት። ያ ሥዕል ነበር። ልጇ የሣለቻት ተጣልተው በሰነበቱበት ሳምንት ነው። ታዲያ ምን ዓይነት ፊት ሰጠቻት? የተቆጣ? የጨከነ? ሥጋ እየመዘነች ቀና ብላ የማታይ እናት? ወይስ ይቅር ብላት ሌላ ፊት ሰጥታት ይሆን? ይህንን ሳታውቅ እንደማትሞት ለራሷ ነገረች፤ ዦስያን ደግሞ ያለችውን የማትተው ሴት ናት።

የልጅቱን ቤት ስታጸዳ ያገኘችው ሥዕል አንድ የተጣመመ ወፍጮ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱንም ክሌማንስ እንዳልሣለችው ያስታውቃል። ሆቴሉ ጋ ስትደውል የቤቱ እመቤት ማዳም ሶላንዥ ነገሩን አስረዳቻት። የቤቱ ልማድ ነው። በመጨረሻው ምሽት ሁሉም ሥዕሉን ስሙን ሳይጽፍበት ጎተራው ውስጥ ወደ ግድግዳ አዙሮ ያቆማል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሳያይ አንድ ያነሳል። የራሱን ይዞ የሚሄድ የለም። ሰው ለራሱ እንደማያስቀረው ሲያውቅ እጁ አይፈራም ይላሉ የሥዕል አስተማሪው። የክሌማንስን ማን እንደወሰደው ግን ሶላንዥ አልረሳችም። ሙሴ ጋስቶን ፔሪሹ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ሥዕሉን ካዩት በኋላ ከልጅቱ ጋር ደረጃው ላይ ቆመው ብዙ ሲነጋገሩ አይታቸዋለች። ስልክ ቢደወልላቸው አያነሱም። መስከረም ሲመጣ ግን ቀርተው አያውቁም።

ዦስያን ወዲያውኑ ለመስከረም ቦታ ያዘች፤ ልጇ ያደረችበት ክፍል እንዲሰጣትም ጠየቀች።

ክፍሉ ሁለት አልጋ ነበረው። ሶላንዥ ቁልፏን እያንቃጨለች መስኮቱን ከፈተችላትና የትኛው አልጋ ላይ እንደምትተኛ ጠየቀቻት። ዦስያን ልጄ የቱ ላይ ነበረች አለች። በመስኮቱ በኩል ያለው ላይ። «እንግዲያው እኔ በግድግዳው በኩል ያለው ይሻለኛል» አለች፤ ይኸኛው አምና ለእሷ ተነጥፎ ማንም ያልተኛበት ነበር። የመስኮቱ አልጋ ሳምንቱን ሙሉ እንደተነጠፈ ቆየ።

ቤቱ የሚያምር ቤት ነው፤ ደስ ላለው ሰው። ግራጫ ድንጋይ፣ ሰማያዊ መዝጊያ፣ ግቢው ውስጥ ትልልቅ የሊንደን ዛፎች፣ ቁልቁል ደግሞ ወንዙ። ጠዋት ጠዋት እንግዶቹ ዳቦና ቅቤያቸውን በልተው የሥዕል ማቆሚያቸውን ተሸክመው ወደ መስኩ ይወርዳሉ። ከሊል የመጡ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ብሩሻቸውም አፋቸውም አያርፍም። አስተማሪው ሙሴ አርማን ቦርጫቸው የከበደ፣ የገለባ ባርኔጣቸው ጠርዙ የተበላ ሽማግሌ ናቸው። ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው እየዞሩ የሰው ሥዕል መስደብ ይወዳሉ፤ ስድባቸውን የማይወድ ግን የለም።

ዦስያን ሰው መሃል ቆሞ ዝም ማለቱ ቢጨንቃት ብሩሽ ያዘችና ከፊቷ የምትግጠውን ላም ሣለች። አርማን ከኋላዋ መጥተው ብዙ ቆዩ። ላሟ ትከሻዋ ለብቻ፣ ጎድኗ ለብቻ፣ ታፋዋ ለብቻ ሆኖ በጥቁር መስመር ተከፋፍሎ ነበር።

«ማዳም» አሏት፣ «ላም ይሣሉ አልኩ እንጂ ዋጋ ይለጥፉባት አልኩ?»

እህትማማቾቹ ሳቁ። ዦስያንም ሳቀች፤ ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ወዲያው ደግሞ አፈረች። ልጇ በለመነቻት ጊዜ ያልሳቀችውን ሳቅ ዛሬ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር መሳቋ አንገበገባት፤ ብሩሹን አስቀምጣ ወደ ወንዙ ወረደች።

አርማን ተከትለዋት ወረዱ። እናትነቷን ሶላንዥ ነግራቸው ነበር። ድንጋይ ላይ በግድ ቁጭ አሉና እሷ ሳትጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። ክሌማንስን ያስታውሷታል። የሣለችውም ነጭ ሽርጥ ያሸረጠች፣ መስኮት አጠገብ የቆመች ሴት ነበረች። የእጆቹ ነገር አስቸግሯት ደጋግማ ትጠይቃቸው ነበር፤ በመጨረሻ እጆቹን ጥሩ አድርጋ ሠራቻቸው።

«ፊቷስ?» አለች ዦስያን።

ፊቱን አላዩትም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ልጅቱ ሸራዋን ጥግ ይዛ ማንንም አታስጠጋም ነበር። አርማን ሥራ የያዘው ሰው አይረበሽም ብለው ተዉአት። ይህንን ሲነግሯት እንደ ጥፋተኛ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ዦስያን አመሰገነቻቸው። ፊቱን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ገና አልመጣም።

ሙሴ ጋስቶን ጉልበታቸውን ሐኪም ዘንድ ሲያሳዩ ቆይተው የመጡት ሳምንቱ ከተጋመሰ በኋላ ነበር። ዦስያን እስከዚያ ድረስ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ልቧ ተሰቅሎ ሰነበተ። ስታያቸው አጭር፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የላጩ ሰውዬ ናቸው። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ የዳክዬ ጭንና ድንች። ሶላንዥ ወንበር ሳበችላቸውና ቀስ ብላ፣ ማዳም ዦስያን የክሌማንስ እናት ናቸው አለቻቸው።

ጋስቶን ሹካቸውን አስቀመጡ። በጸደይ ቦታ ሊይዙ ሲደውሉ የልጅቱን መሞት ሶላንዥ ነግራቸው ስለነበር አዲስ መርዶ አልሆነባቸውም። ፊታቸው ግን ደም የሚባል አልቀረበትም።

«ሥዕሉ እርስዎ ጋ ነው አሉኝ» አለች ዦስያን።

«እኔ ጋ ነው።»

«ልየው።»

«ምሳዎን መጀመሪያ ይብሉ።»

«በልቻለሁ» አለች። ሳህኗ እንደቀረበ ነበር።

ጋስቶን እያነከሱ ወደ መኪናቸው ሄዱ። በአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ሸራ አምጥተው ግቢው ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ልብሱን ገለጡት። የፕለም ዛፍ ነበር። ግንዱ ላይ መሰላል ተደግፏል፣ ከሥሩ ፍሬ የሞላ ቅርጫት አለ፣ በቅጠሉ መሃል የከሰዓት ፀሐይ ይገባል። ከኋላ የቆሙት እህትማማቾች ሳያስቡት እንዴት ያምራል አሉ። ዦስያን ሸራውን አንስታ ጀርባውን አየችው፤ ምንም የለም።

«የእኔስ የት አለ?»

«ይኸው ነው» አሉ ጋስቶን።

«ይሄ ዛፍ ነው።»

«ሸራው ያው ነው። ላዩ ላይ ሣልኩበት።»

እዚያ ቤት ይህ ነውር አይደለም። አርማን ራሳቸው ናቸው ያስለመዷቸው። ሸራ ጨርቅ ነው፣ ታቦት አይደለም፣ ሣሉበት ይላሉ ሁልጊዜ። የደረሰውን ሥዕል አንድ ክረምት ይሰቅሉታል፣ ይጠግቡታል፣ ከዚያ ሌላ ይሣሉበታል። እዚያ ቤት ካሉት ሥዕሎች ግማሾቹ ከሥራቸው ሌላ ሥዕል አላቸው። ከሊል የመጡት እህትማማቾች ለዓመታት አንዷ በሌላዋ ሥዕል ላይ ስትሥል ኖረዋል፤ የሚያዝንም የሚቀየምም አልነበረም። ከሥር የቀረው ሥዕል ፈላጊ እናት ሊኖረው ይችላል ብሎ ያሰበ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ዦስያን ሸራውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «ልጄ ላይ ነው የሣልክባት» አለች። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። «አፈር ለብሳ አልበቃት ብሎ አንተ ደግሞ ዛፍ ተከልክባት።»

ጋስቶን ይቅር ይበሉኝ አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ለምን እንዳደረጉት መናገር ይችሉ ነበር። አልተናገሩም፤ ምክንያቱ ከድርጊቱ ይልቅ የሚያማት መስሏቸው ነው። እሷ ፊቷን አዙራ ደረጃውን ወጣች።

ሻንጣዋን ስታስተካክል ሶላንዥ ገባች። የመስኮቱ አልጋ ላይ ልትቀመጥ ብላ ተወችውና ቆመች። አርማን ሸራውን አይተውት ነበር። የልጅቱ ቀለም ዓመት ስለሞላው ጠንክሯል፤ የጋስቶን ግን የነሐሴ ነው፣ ገና አልጠነከረም። ቀለም በሚያሟሟው በተርፔንታይንና በጨርቅ በትዕግሥት ከተሠራ የላዩ ሊነሳ የታችኛውም ሊተርፍ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ዛፉን ማጥፋት ነው። ሶላንዥ ይህንን ከተናገረች በኋላ ትንሽ አመነታችና ጨመረች፤ ዛፉ የጋስቶን ሟች ሚስት የተከለችው ነው። በሐምሌ ወጀብ ወደቀ። በቃላቸው ነው የሣሉት፤ አርማን በሕይወት ዘመናቸው ከሠሩት ሁሉ ይበልጣል ይላሉ።

«ይጥፋ» አለች ዦስያን።

«ሙሴ ጋስቶን እሺ ብለዋል። እኔ እርስዎ እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«አወቅሁ። ይጥፋ።»

ጨካኝ ናት የሚል ካለ መጀመሪያ ልጁን ቀብሮ ይምጣና ይናገር።

በማግስቱ ጠዋት ሌሎቹ ወደ መስኩ ሲወርዱ አራቱ ጎተራው ውስጥ ቀሩ። አርማን ሸራውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ጨርቁንና ጠርሙሱን አዘጋጁ። ጋስቶን እጅጌያቸውን ሰብስበው «እኔ ነኝ የሸፈንኳት፣ እኔው ልግለጣት» አሉ። አርማን ጨርቁን ሰጧቸውና አጠገባቸው ቆሙ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ አይጫኑት፣ እያሉ። ጎተራው ውስጥ የተርፔንታይን ሽታ ሞላ።

ከታች ጀመሩ። ቅርጫቱ ሄደ፤ ሐምራዊው ፍሬ ጨርቁ ላይ ጭቃ ሆነ። ከሥሩ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ ሽርጥ ነው። መሰላሉ ሲሄድ እጆቹ መጡ። ዦስያን ወደፊት ጎንበስ አለች። ቀዝቃዛ ውሃ ያቀላቸው፣ ጣቶቻቸው ያበጡ እጆች ናቸው። የግራው አውራ ጣት ወደ ውስጥ ጠመም ብሏል። ክሌማንስ ገና ሕፃን ሳለች ዦስያን አጥንት ስትሰብር ቢላው አምልጦ የቆረጣት ጣት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀንቶ አያውቅም። ጣቱን ልጇ እንዳየችውም አታውቅም ነበር። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጋስቶን ቀና ብለው አዩዋት። «ልቀጥል?»

«ቀጥል።»

ግንዱ ሄደ። የልኳንዳው መስኮት መጣ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የዝናብ ቀን መጣ፣ የሹራቧ አንገትጌ መጣ። ከዚያ ፀጉሯ፤ ዦስያን ሒሳብ ስትሠራ የምትሰካው እርሳስ ሳይቀር ከፀጉሯ መሃል ተሰክቷል። ሶላንዥ እርሳሱን አየችና ዦስያንን አየቻት፤ ያን ሰዓትም አንድ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ነበር። የቀረው መሃል ላይ ያለው የቅጠል ክምር ብቻ ነው። ፀሐይ የገባበት ቦታ።

እዚያ ላይ የጋስቶን እጅ ዘገየ። ጨርቁን ቀየሩ፣ ጠርሙሱን ዘጉ፣ መልሰው ከፈቱ። «እዚህ ላይ ቢበቃንስ?» አሉ።

«ምን ማለትህ ነው? ፊቱ እኮ ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«ለሱ አይደል የመጣሁት? ጥረገው።»

ጋስቶን አርማንን አዩ፤ አርማን ነገሩ ስላልገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋስቶን ጨርቁን ነክረው ቅጠሉን በስሱ ጠረጉት። አረንጓዴው ሄደ፣ ቢጫው ሄደ። ከሥሩ ምንም አልመጣም። ነጭ ሸራ ብቻ።

ዦስያን ቀርባ አየችው። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «አጠፋኸው» አለች። «ሌላውን ሁሉ አትርፈህ ፊቱን አጠፋኸው።»

አርማን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አፍንጫቸው ሸራውን እስኪነካ ጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው በሌላ ጊዜ የማይታወቅ ለስላሳ ሆኗል። «አይደለም፣ ማዳም። እዚህ ቦታ ከሱ ቅጠል በቀር ቀለም አርፎበት አያውቅም። የከሰል መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ይኸው፣ የአገጭ ይመስላል። ተጀምሮ የተተወ ነው።»

«እውነታቸውን ነው» አሉ ጋስቶን። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ያሹታል። «ፊት አልነበራትም። ሳላያት ነው ያነሳኋት፤ ዞር ሳደርጋት ይቺ ደግሞ ጅምር ናት ብዬ ሳቅሁ። ልጅዎ ሰምታኝ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።»

ዦስያን ወደ ከሰሉ መስመር ጎንበስ አለች። ጋስቶን ቀጠሉ።

«ፊቷን በቃሌ ልይዘው አልቻልኩም አለችኝ። ስሞክር ወይ ተቆጥታ ትመጣብኛለች፣ ወይ ስቃ ትመጣብኛለች፤ እናቴ ግን ሁለቱንም አይደለችም አለች። ለካስ ደህና አድርጌ አይቻት አላውቅም፣ እሷ ሁልጊዜ ሥራ ላይ፣ እኔ ሁልጊዜ ጥድፊያ ላይ። ከርሞ ይዣት እመጣለሁ፣ ቁጭ ትልልኛለች፣ እያየኋት እሠራዋለሁ፣ እርስዎ ብቻ ሸራውን መልሰው ያምጡልኝ አለችኝ። እሺ ብዬ ቃል ገባሁላት።»

ጋስቶን ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ጸደይ ላይ መሞቷን ሰማሁ። ለማን ነው የማመጣው? ማእድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነበረች፤ ብቻዬን ነው የምበላው፣ ማዳም። በበላሁ ቁጥር ፊቷን የምትጠብቅ ሴት ፊት ለፊቴ ቆማ ትውላለች፣ ማንም እንደማይመጣላት ደግሞ አውቃለሁ። ልጥላት አልሆነልኝም። ላያትም አልሆነልኝም። ለዚህ ነው የሸፈንኳት። ትናንት ይህን ልነግርዎት ነበር፤ ፊት የለም ከምልዎት አጥፍቶታል ብለው ቢጠሉኝ ይሻላል ብዬ ተውኩት።»

ከመስኩ የእህትማማቾቹ ሳቅ ይሰማ ነበር። ዦስያን ያን ነጭ ቦታ ታያለች። ይህን ሁሉ ወር ተቆጥታ ይሆን፣ ስቃ ይሆን እያለች ስትጨነቅ የኖረችው ለዚህ ነው። ልጇ አልፈረደችባትም። ልጇ ገና ልታያት ነበር። ይህ ሲገባት ጠረጴዛውን ያዘች።

ሶላንዥ ክንዷን ደገፈቻት። ማጽናናት የለመደች ሴት ናት፤ ሰው ሲያዝን ዝም ማለት አይሆንላትም። «አይዞዎት» አለቻት። «ቢያንስ ሐሳቧን አወቁ። በሕይወት ብትኖር ዘንድሮ እዚሁ ጎተራ ውስጥ ቁጭ ብለውላት ነበር። መምጣትዎ አይቀርም ነበር።»

«አልመጣም ነበር» አለች ዦስያን።

«እንዲህ አይበሉ።»

«አልመጣም ነበር። መስከረም ነው፣ የአደን ሥጋ ይገባል፣ ሱቁ ይሞላል። ከርሞ እላት ነበር። ከርሞ ደግሞ ከርሞ እላታለሁ።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ የሥጋ ዋጋ እንደምትናገር ሴት ቀጥ ያለ ነበር። «እኔ እዚህ የመጣሁት ስለሞተች ነው። ሌላ ምንም አያመጣኝም ነበር።»

ጋስቶን ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣሉት። አርማን ጭንቅላታቸውን አከኩና፣ እሷ ከፈቀደች ፊቱን እዚሁ እያዩዋት ሊሠሩላት እንደሚችሉ፣ የልጅቱን አሠራር አስመስለው ማንም እንዳይለየው አድርገው እንደሚጨርሱት ነገሯት። ከልባቸው ነው የተናገሩት። ዦስያን ራሷን ነቀነቀች። የሌላ ሰው እጅ እንዳይነካው አለች፤ አሁን ግን ጋስቶንንም መልሳ እርስዎ አለቻቸው።

ከዚያ ሸራውን ራሷ አንስታ ማቆሚያው ላይ አደረገችው። ጥግ የነበረውን ወንበር ጎትታ ብርሃን በሚገባበት መስኮት ሥር፣ ከሸራው ፊት ለፊት አስቀመጠችውና ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለባት ግራ ገባት፤ መጀመሪያ ኮስተር አለች፣ ቀጥሎ ፈገግ ልትል ሞከረች፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ተወቻቸው። ሦስቱ አንድ በአንድ ወጡና በሩን ገርበብ አደረጉላት። የምሳ ደወል ሲደወል ሶላንዥ ልትጠራት መጥታ በበሩ ክፍተት አየቻት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ተቀምጣ ነበር። ሶላንዥ አልጠራቻትም።